ሰባተኛው ላይ የሚነክሰው

ሰኔ 4

ይህ ደብተር የመነጽር ቤታችን የድሮ ማዘዣ መዝገብ ነው። በየገጹ አናት ላይ «ቀኝ ዓይን»፣ «ግራ ዓይን» የሚል ታትሞበታል። ባለቤቱ ኮምፒውተር ያስገባ ጊዜ ሊጥለው ሲል ለምኜ ወሰድኩት። ዛሬ ሥራ ተገኘለት።

እህቴ ሥራ ቦታ ደወለች። ሌንስ እየሞረድኩ ስለነበር ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ ነው ያወራኋት።

«ትንሹ፣ ጋሼ ሊሄድ ነው» አለችኝ።

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው፤ በቤታችን ስሜ አሁንም ትንሹ ነው። ጋሼ ታላቅ ወንድማችን ነው፣ በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ልጁ ያለችበት ሩቅ ከተማ ጠቅልሎ ሊገባ ነው። ቤቱን በነሐሴ መጨረሻ ያስረክባል።

«ሳትሰናበተው እንዳይሄድ» አለች።

«ሥራ በዝቶብኛል እታለም።»

«ሥራ! አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» ብላ ዘጋችብኝ።

ያደረግኩትን እዚህ ልጻፈው፤ የሚያነበው የለም። እናታችን ያረፈች ጊዜ ጋሼ ለሥራ ሌላ አገር ነበር። ቤቱን ያጸዳሁት እኔ ነኝ። አልጋውን ሸጥኩ፣ ወንበሩን ሸጥኩ፣ ከአልጋው ሥር የነበረውን የጋሼን ጊታርም ሸጥኩ። ቀይ፣ የጃፓን ሥሪት የኤሌክትሪክ ጊታር። አንድ የሠርግ ሙዚቀኛ ወሰደው። አንገቱ ጠሞ ነበር፣ ሰባተኛው ብረት ላይ ክሩ እየጮኸ ይነክስ ነበር፣ ከዓመታት ወዲህ የነካው ሰው አልነበረም። ጋሼ ሲመለስ ስለ አልጋው አልጠየቀም፤ ስለ ወንበሩም አልጠየቀም። «ጊታሬን ይዘህ ስትመጣ እናወራለን» አለኝ። ከዚያ ወዲህ የምንተያየው ቀብር ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ማዶና ማዶ ቆመን።

ጊታሩን ፈልጌ አገኘዋለሁ። ሁለት ወር ከምናምን አለኝ።

ሰኔ 7

እንዳይምታታብኝ ልጻፈው። ሁለቱ ጊታሮች የተገዙት አንድ ቀን ነው። ጋሼ ሥራ በያዘ በዓመቱ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ሊዘጋ ሲል ገብቶ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለኔ ገዛ። አስራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሁለቱም ከአንድ ፋብሪካ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት፤ አራት አራት ፒክአፕ፣ ማለት ከክሮቹ ሥር ተቀምጠው ድምፁን የሚለቅሙት ማግኔቶች፣ ስድስት ስድስት ማብሪያ ማጥፊያ። ልዩነታቸው ቀለም ብቻ። የሱ ቀይ፣ የኔ ከመሃሉ ቢጫ ሆኖ ወደ ጠርዙ የሚጠቁር። የዋስትና ካርዶቹ እስካሁን ብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አሉኝ። የጋሼ 317፣ የኔ 318።

የኔ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተሰቅሏል። መጀመሪያ ላይ እኮ የሚነክሰው የኔ ነበር። ፍሬት የምንላቸው አንገቱ ላይ በአግድም የተመቱት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፤ ሰባተኛው ላይ ስይዝ ክሩ ንብ የገባበት ይመስል ይጮህ ነበር። አንድ ቀን በንዴት አለቀስኩ። ጋሼ «ተለማመደው» አለኝ፣ ሌላ አልጨመረም። ተለማመድኩ። ክረምቱ ሳያልቅ ለቀቀኝ። ይህንን ለስንት ሰው አውርቻለሁ! ጊታሩን ያቃናሁት በልምምድ ነው እያልኩ።

በዚያው ዓመት የጋሼ እጅ ከበደ። የሥራ ብዛት ይሆናል። አብረን የምንጫወትበት ባንድ አለቃ መሪ ጊታርነቱን ከሱ ወስዶ ለኔ ሰጠኝ፣ ጋሼ ከኋላ ሆኖ ማጀብ ጀመረ። አንድም ቃል አልተነፈሰም። ጋሼ እንዲህ ነው፣ ይዋጥለታል።

ሰኔ 13

ብሎን ጋ ሄድኩ። ብሎን የሙዚቃ መሣሪያ ጠጋኝ ነው፤ ኪሱ ብሎን አጥቶ ስለማያውቅ ሁላችንም እንዲህ እንለዋለን። ድሮ የባንዳችንን ዕቃ የሚሠራው እሱ ነበር። አርጅቷል፣ ምላሱ ግን አላረጀም።

«አንተ በሕይወት አለህ እንዴ? እኔማ እርሜን አውጥቼ ጨርሻለሁ» አለኝ።

የምፈልገውን ነገርኩት። በዚያ ዘመን ከጃፓን የመጡ ጊታሮች አናታቸው ላይ የተለጠፈው ስም አያስተማምንም አለ። አንዱ ፋብሪካ ሠርቶ የአሥር ሱቅ ስም ይለጥፍበት ነበር። ስሙን ተወው፣ ፒክአፑን ቁጠር፣ ማብሪያዎቹን ቁጠር አለኝ። ከዚያ ገልብጠህ አንገቱን ከአካሉ ጋር ያሰሩትን አራት ብሎኖች ፍታ። አንገቱ በሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሠራተኞቹ በእርሳስ ቁጥር ጽፈዋል። አካሉም ላይ፣ የአንገቱም እግር ላይ፣ እንዳይቀላቀልባቸው።

«ሳትፈታ አወዳደርኩ እንዳትለኝ።»

«ሰው ሳሎን ገብቼ ዕቃቸውን ልበታትን?»

«ታዲያ በዓይንህ ልታውቀው ነው?»

«ዓይኔ አይደል እንዴ የሚያበላኝ?»

«ያንተንስ ፈተኸው ታውቃለህ?»

«የኔ ደህና ነው። ምን አስፈታው?» አልኩት።

ወደ ሥራው ዞረ።

ሰኔ 16

ሌንስ ሰበርኩ። በዚህ ሳምንት ሁለተኛዬ። ባለቤቱ ባንኮኒ ላይ ያለችውን ሴት «ዓይኑ ነው እጁ?» ሲላት ከመጋረጃው ጀርባ ሰማሁ። «ሐሳቡ ነው» አለችው። ምን አገባት!

ሰኔ 22

ጋዜጣ ላይ ያወጣሁትን ማስታወቂያ አይተው አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ደወሉ። ቀይ ነው አሉኝ። ወዲያው ሄድኩ።

ገና በሩ ላይ ሆኜ አየሁት፤ ሶፋው ላይ አስተኝተውታል። ሦስት ፒክአፕ። አይደለም። ይቅርታ ብዬ መመለስ ነበረብኝ። ግን ሻይ ተቀድቷል፣ ወንበር ተስቧል። ክሮቹም ዝገው ነበር፣ እንዲሁ መተው ነውር መሰለኝ። ይዤው የነበረውን አዲስ ክር አሰርኩላቸው። ጠራረግኩት፣ ቃኘሁት። ከጋሼ ጊታር በምን እንደሚለይ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። የዚህ አንገት ወፈር ይላል፣ የዚያ ቀጠን ይላል። የዚህ ድምፅ ለስላሳ ነው፣ የዚያ ስል ነው። እሳቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ባለቤታቸው ካረፉ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ሰዓቴን ሳይ ሦስት ሰዓት ተቀምጫለሁ።

«የሚፈልጉት ይሄ ነው?» አሉኝ።

«እርግጠኛ አይደለሁም። ሌሎቹንም አይቼ ተመልሼ ማወዳደር አለብኝ።»

«ይመለሱ። ዕቃው የትም አይሄድብዎትም» አሉ።

እውነቴን ነው። አንድ ጊታር በአንድ ጉብኝት አይታወቅም።

ሐምሌ 1

እህቴ። «ሄድክ?»

«እየፈለግኩ ነው።»

«ማንን?»

«ጊታሩን።»

«ኧረ በፈጣሪ! ጊታሩን አሁን ማን ጠየቀህ? እሱ ተናዶ ያለውን አንተ ሕግ አደረግከው። ሂድና በሩን አንኳኳ፣ በቃ!»

«ባዶ እጄን አልሄድም እታለም።»

«ሁለታችሁም ድርቅ ያላችሁ ናችሁ። እኔ ናችሁ መሃል ቤት ያረጀሁት» አለች። «እኔ ነኝ» ለማለት ነው፣ ስትናደድ አፏ ይያያዝባታል። ልስቅ ስል ዘጋችው።

ሐምሌ 3

መምህርቷ ጋ ተመልሼ ሄድኩ። አሁንም ሦስት ፒክአፕ ነው።

ሐምሌ 8

የጥርስ ሐኪሙ። የድሮ የጃፓን ጊታር ይሰበስባል፣ ሰባት አለው። ሶፋውን፣ ወንበሩን፣ አልጋውን ሁሉ ይዘውታል፤ የቆምነው እኛ ነን። አንድ በአንድ ከአምፕሊፋየር ጋር እያገናኘ አሰማኝ። አንዱ ከባድ፣ ለእንጨቱ ያልሳሱለት። አንዱ ቀላል፣ ከእጅ የሚያመልጥ። ሁለቱ ስማቸው ሌላ ሌላ ነው፣ ሥሪታቸው ግን መንታ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ይህን ያህል ጊዜ ስለ ጊታር ያወራሁት መቼ ነው?

አንዱ ቀይ ነው። አራት ፒክአፕ፣ ስድስት ማብሪያ። ገለበጥኩት። ብሎኖቹን በጣቴ ዳሰስኩ።

«ቁጥሩ 502 ነው፣ እንዳትደክም» አለ ሐኪሙ። «አካሉም አንገቱም 502። ያልተቀላቀለ ነው። የተቀያየረ አንገት ያለውን እኔ ቤቴ አላስገባም።»

ታሪኬን ስነግረው ጀርባዬን መታ አደረገኝ። «ወንድምህ ከአስራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ልዩነቱን ያውቃል ብለህ ነው? ውሰደው። ይቅር ተባባሉ። ቁጥሩን ማን ያያል?»

ላስብበት አልኩት። አሰብኩበትም። እስከ አውቶቡሱ ፌርማታ ድረስ ተስማምቼ ነበር፣ አውቶቡሱ ውስጥ አፈርኩ። መጀመሪያ ጊታሩን ሸጥኩበት፣ አሁን ደግሞ የውሸት ጊታር?

ሐምሌ 14

የጭነት መኪና ሹፌር። ከተማ ዳር። ሄድኩ፣ ዝናብ ደበደበኝ፣ ሰማያዊ ነው! በመኪና ቀለም የተለቀለቀ ሰማያዊ። በስልክ «ቀይ» ብዬው ነበር እኮ።

«ቀለም ምን ያደርግልሃል ወንድሜ፣ ድምፁን ስማው» አለኝ። «እውነቱን ልንገርህ፣ ሰባተኛው ላይ ይነክሳል። ከአንድ የሠርግ ባንድ ነው የገዛሁት፣ እነሱም ተማርረውበት ነው የሸጡልኝ።»

አመሰግናለሁ ብዬ ወጣሁ። ስድስት ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። ሚስቱ «ዝናቡ ያባራ እንጂ» አለችኝ፣ አልሰማኋትም። የረጠበ ካልሲዬን እየጨመቅኩ ነው ይህን የምጽፈው።

ሐምሌ 16

አከራዬ በር ላይ ቆማ ለጎረቤቷ «ሰው አይመጣበት፣ ጸጥ ያለ ተከራይ ነው» ስትል ሰማኋት። ምስጋና ነበር።

ሐምሌ 24

ደደብ ነኝ። ዛሬ በራሴ አፍ ተናገርኩት።

አንዲት ደንበኛ ፍሬም እየመረጡ ነበር። አንዱን ለክተው አልወደዱትም፣ ሌላ ሰጠኋቸው፣ «ይሄ ይሻላል፣ ያኛው ፊቴን አጥብቦት ነበር» አሉ።

«እማማ፣ አንድ ናቸው። የተለወጠው ቀለሙ ብቻ ነው» አልኳቸው።

ካልኩ በኋላ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሴትዮዋ ያመመኝ መስሏቸው ወንበር ሳቡልኝ።

ከሠርግ ባንድ የተገዛ። ሰባተኛው ላይ የሚነክስ። የሸጥኩት ለሠርግ ሙዚቀኛ ነው! ሠላሳ ዓመት በዓይን ሥራ ላይ ያለሁ ሰው በቀለም ተሸወድኩ። ፒክአፑን እንኳ አልቆጠርኩም። ጋዋኔን ሳላወልቅ ወጣሁ። የሹፌሩ ሚስት በሩን ከፈተች።

«መኪናውን ይዞ ወጣ። ሦስት ሳምንት ይቆያል።»

«ጊታሩስ?»

«ይዞት ነው የሚዞረው። መንገድ ላይ ሲደብረው ይመታዋል።»

ሦስት ሳምንት!

ነሐሴ 3

እህቴ ደውላ ጋሼ ዕቃ እያሰረ ነው አለች። መሄጃው ነሐሴ 25 ነው፣ የልጁ ባል በመኪና መጥቶ ይወስደዋል።

«ሊደርስልኝ ነው፣ ታገሺኝ» አልኳት።

«ምኑ?»

«ጊታሩ።»

 ቀስ ብላ «ትንሹ፣ እሱን መፍራትህን ነው ወይስ ጊታሩን መፈለግህን ነው የምትነግረኝ?» አለች። ደንበኛ መጣብኝ አልኳት። አልመጣም ነበር።

ነሐሴ 5

መምህርቷ ጋ። ጊታራቸውን ለእህታቸው ልጅ ሊሰጡት ነው። «እርስዎ እንደማይገዙት ካወቅኩ ቆይቷል» አሉኝ፣ እየሳቁ። ጆሮዬ ድረስ ተቃጠልኩ። «ቢሆንም ይምጡ፣ ሻይ አይጠፋም» አሉ። ሻይ ለመጠጣት ብቻ ሰው ቤት እንዴት ይኬዳል? ምን ይዤ? ምን ብዬ?

ብቸኝነት ነው መሰለኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ነሐሴ 9

ጋሼ ቤት በር ፊት ለፊት ቆምኩ። ከማዶ ካለው ልብስ ሰፊ ጣራ ሥር ተጠልዬ። ሣጥን ላይ ሚስማር ሲመታ ይሰማል። ሦስት ምት፣ እረፍት፣ ሦስት ምት። ሚስማር ሲመታ እንኳ ምቱን ይጠብቃል።

ልብስ ሰፊው «ሰው ይጠብቃሉ?» አለኝ።

«ዝናቡን» አልኩት።

ዝናቡ አባራ። ሄድኩ። ምን ነበረበት መንገዱን ብሻገር? አሥር እርምጃ አትሆንም። ባዶ እጄን ግን አልችልም። ሹፌሩ ሲመጣ እሻገራለሁ።

ነሐሴ 17

ሹፌሩ መጣ!

አራት ፒክአፕ። ስድስት ማብሪያ። ከጀርባ ካሉት ብሎኖች ሥር ሰማያዊው የተላጠበት ጥፍር የምታህል ቦታ አለች። ቀይ ናት።

«ከፈለግክ ፈተህ እየው» አለኝ ሹፌሩ ራሱ፣ ካቻቢቴውን እያቀበለኝ። ለካ ይህን ያህል ቀላል ነበር። አልፈታሁትም፤ ለብሎን ተውኩለት። ገዛሁት። ሚስቱ በፌስታል ጠቀለለችልኝ።

ነሐሴ 18፣ ከሰዓት

ሥራዬን ጥዬ ብሎን ጋ። ስልኬን ሥራ ቦታ ጋዋኔ ኪስ ውስጥ ረስቼው ወጥቻለሁ።

ብሎን ክሮቹን አላላ፣ አራቱን ብሎኖች ፈታ፣ አንገቱን ወዘወዝ አድርጎ ነቀለው። ጉድጓዱን ወደ ብርሃን አዞረልኝ። በእርሳስ፣ ትናንት የተጻፈ ይመስል፣ 317።

ጮህኩ። ብሎንን ሳምኩት። «ተው እንጂ፣ ጢምህ ይወጋል» አለኝ። ከዚያ አንገቱን አንስቶ እግሩን አየና ፊቱ ተለወጠ።

«ይሄ 318 ነው» አለ።

«የሠርግ ሙዚቀኞቹ ቀይረውት ይሆናል» አልኩ።

«ከማን ጋር? 318 የማን ነው?»

«የኔ።»

«ያንተ የት ነው ያለው?»

«ከቁም ሣጥኑ ጀርባ።»

 ብሎን አንገቱን እንደ ጠመንጃ ወደ ዓይኑ አስጠግቶ በርዝመቱ አየው። «ይህ በአያያዝ የጠመመ አይደለም። ሲሠራም ጠማማ ነበር። ሂድና ያንተን ፍታ» አለኝ።

ነሐሴ 18፣ ምሽት

ፈታሁት።

የብሎኖቹ ራስ ተቧጭሯል፣ በካቻቢቴ አይደለም፣ በቢላ። የእናታችን ቤት ካቻቢቴ አልነበረም። አካሉ 318። አንገቱ 317።

ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተጫወትኩት በጋሼ አንገት ነው።

በዚያ ክረምት ለፈተና ጥናት አንድ ሳምንት ጓደኛዬ ቤት አድሬ ነበር። ስመለስ ጊታሬ አልጋዬ ላይ ተቃኝቶ ጠበቀኝ። አነሳሁት፣ ሰባተኛው ላይ ያዝኩ፣ ጠራ። «ጋሼ! ለቀቀኝ! ተለማምጄ ለቀቀኝ!» እያልኩ በየክፍሉ ዞርኩ። እሱ እያጠበ የነበረውን ሸሚዝ እየጨመቀ «አየህ?» አለኝ። አየህ! ምኑን ነበር ያየሁት?

ከዚያ የሚቀጥለውን መጻፍ አልፈልግም ነበር። የባንዱ አለቃ መሪ ጊታርነቱን ለኔ የሰጠው ከሰማይ ወርዶለት አይደለም። እኔ ነኝ የነገርኩት። ልምምድ ሲያልቅ ጠብቄ፣ ለብቻው ይዤ፣ «የጋሼ እጅ ከብዷል፣ አይሰማህም?» አልኩት። ከጋሼ ጊታር የሚወጣው ጩኸት የራሴ ጊታር ጩኸት ነበር። ስድስት ዓመት ከኋላዬ ተቀምጦ በኔ ጠማማ አንገት አጀበኝ። ሰዎች «ታናሽየው ይበልጠዋል» ሲሉ እየሰማ። እኔም እየሰማሁ፣ ደስ እያለኝ።

ከዚያ ደግሞ ሸጥኩት። «የማይረባ ነው፣ አንገቱ ጠሟል» ብዬ።

ነገ እሄዳለሁ። ምንም አልልም፣ አንገቱን መልሼ እሰጠዋለሁ።

ነሐሴ 19

ጠዋት ብሎን አንገቶቹን ወደየባለቤታቸው መለሰ። 317 ወደ 317፣ 318 ወደ 318። ጠማማውን «በእንፋሎት ላቃናልህ?» አለኝ። ተወው አልኩት።

ጋሼ በር ላይ ደረስኩ። ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። ልብስ ሰፊው ከማዶ ጮኸልኝ፦

«የሚጠብቁት ሰው እሱ ነበር እንዴ? ዛሬ ሲነጋጋ ሄዱ።»

25 ነበር የተባለው። በልብስ ሰፊው ስልክ እህቴ ጋ ደወልኩ። «አማችየው ቀድሞ መጣ። ትናንት አሥር ጊዜ ደወልኩልህ!» አለች፣ እያለቀሰች።

ጊታሩን ይዤ እዚያው ቆምኩ። ሁለት ወር ሙሉ ሳወዳድር።

ነሐሴ 20

ባንኮኒ ላይ ያለችው ሴት ጠዋት ጋዋኔን ስለብስ «ከትናንት ወዲያ ሰው መጥቶልህ ነበር መሰለኝ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ረዘም ያሉ ሽማግሌ። ከሰዓት ላይ። ‹ትንሹ አለ?› አሉኝ። እዚህ ትንሹ የሚባል የለም አልኳቸው። ማን አንተን ትንሹ ይልሃል? ግን አልሄዱም። ግማሽ ሰዓት ያህል ፍሬም ሲያዩ ቆዩ። ምንም አላዘዙም።»

«ምን ይዘው ነበር?»

«ምንም። ባዶ እጃቸውን ነበሩ።»

መጋረጃውን ዘግቼ የሌንስ ማሽኑን አስነሳሁ። ሌንስ አላስገባሁበትም። እንዲጮህ ብቻ ነው።

ነሐሴ 29

ደብዳቤ ጀምሬ አራት ጊዜ ቀደድኩ። ብነግረውስ፣ ባልነግረውስ እያልኩ። ጋሼ እኮ ሲቀይረው አንድ ቃል አልጻፈም።

ጳጉሜን 3

እህቴ ጋሼን ልትጠይቅ ትሄዳለች። ጊታሩን በሣጥን አሰርኩት። ቀለሙን አልነካሁትም፣ ሰማያዊ እንደሆነ ይሂድ። የዋስትና ካርዱን፣ 317ን፣ ክሮቹ መሃል ሰካሁት።

«ምን ልበለው?» አለችኝ።

«አንገቱን ይየው በይው። በቃ።»

«አሁንም እኔ መሃል ቤት!» አለች፣ ግን አቅፋ ወሰደችው።

መስከረም 2

አልደወለም።

መስከረም 5

መምህርቷ ጋ ሄድኩ። ጊታር የለም፣ ለልጁ ሰጥተውታል። ሻይ ጠጣን። የሚወዳደር ነገር አጥቼ ስለ ወንድሜ አወራኋቸው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ለባንዱ አለቃ ያልኩትንም ጭምር። «ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ» አሉኝ። «ስሸጠውስ?» አልኳቸው። ሻይ ጨመሩልኝ።

መስከረም 9

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጠራ። የማላውቀው ቁጥር።

«ትንሹ።»

«ጋሼ።»

 የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፋ። ከዚያ ማዶ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጠው ሰማሁ፣ ጀመረም። ድሮ ከባንዳችን ጋር ሠርግ የምንከፍትበትን ዜማ። ጣቶቹ ዘግይተዋል፣ ሁለት ቦታ ሳተ፣ ተመልሶ ያዘ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫንኩት። እንደ ውሃ ጠርቶ ወጣ። ያንን መስመር ከሱ እጅ ጠርቶ ስሰማው ከዚያ ክረምት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። እጁ ከብዶ አያውቅም ነበር።

ስልኩን መልሶ አነሳው። እያለቀስኩ እንደሆነ የሰማ ይመስለኛል።

«ያንተው ሰባተኛው ላይ ይነክሳል?» አለኝ።

«ይነክሳል ጋሼ።»

«ጎበዝ። ተለማመደው» አለና ዘጋው።

ከቁም ሣጥኑ ጀርባ አወረድኩት፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሰባተኛው ላይ ያዝኩ። ጮኸ። ደግሜ ያዝኩ፣ ደግሞ ጮኸ። አከራዬ ደረጃውን ወጥታ በሬን አንኳኳች። እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መሆኑ ነው።

«ምን ተበላሽቶብህ ነው?» አለችኝ።

«ምንም አልተበላሸም» አልኳት። «የኔ ድምፁ እንዲህ ነው።»